የሚቆነጥጠው የት ላይ ነው? የጎልፍ ጫማ፣ የእግር ሕመምና የልክ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር ናቸው።)



በታሪክ ትምህርት ክፍል ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነቶችና ስለ ውሎች መናገር የተለመደ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ጫማ፣ ከጫማም ስለ ጎልፍ ጫማ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ሰው ለእግሩ የሚስማማና የማያሳምም ጫማ ማግኘት ለምን ይህን ያህል ዘመን ፈጀበት?

መነሻዬን ሁላችንም ከምናውቀው ታሪክ ላድርግ። በ1960 በሮም ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ይህ ድል በብዙ መልክ ተተርኳል። አንዱ የድህነት ምልክት፣ ሌላው የጀግንነት ማሳያ፣ ሌላው ደግሞ የአፍሪካ ነጻነት ብሥራት አድርጎ ያየዋል። በትረካዎቹ መካከል ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ጉዳይ የልክ ጉዳይ ነው። ለውድድሩ የተገኘው ጫማ ለእግሩ አልተስማማም፤ ሲሞክረውም እግሩ ውሃ ቋጠረ። ባዶ እግሩን መሮጥን የለመደ ስለ ነበር ጫማውን ትቶ ተወዳደረ። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በድጋሚ አሸነፈ። አበበ ጫማን አልጠላም፤ የማይስማማውን ጫማ እንቢ አለ እንጂ።

እንቢ ማለት ግን ለሁሉም አይቻልም። ወታደር የታደለውን ጫማ ያደርጋል። ሠራተኛ ገበያ ያመጣለትን ይገዛል። ጎልፍ ተጫዋች ደግሞ በእርጥብ ሣር ላይ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጫማ ያስፈልገዋል። የእነዚህ ሰዎች እግር ሲታመም ማን ሰማቸው? መቼስ ሰማቸው? የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው።

፩. የጎልፍ ተጫዋች እግር ሦስት ሥራዎች

የጎልፍ ጫማን የመረጥሁት ችግሩን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። የአንድ ሙሉ ጨዋታ ጉድጓዶች ቁጥር 18 ሆኖ የተለመደው በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ሜዳ በ1764 ከተደረገው ለውጥ ጀምሮ ነው። ተጫዋቹ እነዚህን 18 ጉድጓዶች በእግሩ ሲዞር ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አምስት ሰዓት ያህልም ይፈጅበታል። በዚህ ጉዞ እግሩ ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛ፣ ይራመዳል። ሁለተኛ፣ በተዳፋት መሬት ላይ ጸንቶ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ዱላው ሲወነጨፍ መላ ሰውነት ሲዞር ያንን ኃይል ከመሬት ጋር ያገናኛል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ኳሱን ሲመታ ክብደቱ ከቀኝ እግሩ ወደ ግራው ይሻገራል፤ የግራ እግሩ የውጭ ጠርዝም በጫማው ግድግዳ ላይ ይጫናል።

እነዚህ ሥራዎች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ለረጅም ጉዞ ጣቶች የሚዘረጉበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ለመዞር ደግሞ እግር በጫማው ውስጥ መንሸራተት የለበትም። ጫማው ከላላ እግሩ በየምቱ ይፋተግና ውሃ ይቋጥራል። ከጠበበ ደግሞ ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ጉድጓድ በኋላ፣ እግር በመራመድ ብዛት ሲያብጥ፣ ጣቶች ይጨቆናሉ። ስለዚህ ለጎልፍ የሚስማማ ጫማ ማለት ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ፣ መካከለኛውን የእግር ክፍል አቅፎ የሚደግፍ፣ ጣቶችን ግን ነጻ የሚተው ማለት ነው። ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። በቆዳና በክር መሥራት ግን እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል።

፪. የ1857 እና የ1858 አጋጣሚ

የጫማ ታሪክ አንባቢ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ላይ ቆም ማለት አለበት። በአጭር ጊዜ ውስጥ አራት ነገሮች ተከናውነዋል፤ አራቱ ግን እርስ በርሳቸው አልተዋወቁም።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1857 በስኮትላንድ ሄንሪ ፋርኒ የተባለ ጸሐፊ፣ ስሙን ሳይገልጥ፣ ስለ ጎልፍ አጨዋወት አንድ መመሪያ አሳተመ። በውስጡም ተጫዋቾች ሶሉ በትናንሽ ምስማሮች የተመታ ጠንካራ ጫማ እንዲያደርጉ ይመክራል። በባሕር ዳርቻ በሚገኙት የስኮትላንድ ሜዳዎች ሣሩ ብዙ ጊዜ እርጥብ ስለሚሆን ምክሩ ተገቢ ነበር። ልብ በሉ፤ ምክሩ ስለ ሶሉ ነው። የጎልፍ ጫማ የታሰበው ከመጀመሪያው ለሦስተኛው የእግር ሥራ፣ መሬትን ቆንጥጦ ለመያዝ ነው። በእግር ኳስ ታኬታ ያደረገ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ለስላሳ ሜዳ ላይ የሚመቸው ጥርስ ደረቅ መንገድ ላይ ሲወጡበት የእግርን ክብደት በጥቂት ነጥቦች ላይ ሰብስቦ ውስጥ እግርን ይወጋል። ምስማሩ በተቀያሪ የብረት ችንካር ከተተካ በኋላም ይኸው ችግር ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠለ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው የተከናወኑት በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ነው። ዛሬ ብሮክተን በምትባለው ከተማ በ1857 አንድ የጫማ ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያ የተወለደው ድርጅት ከብዙ ዓመታት በኋላ ፉትጆይ በሚለው ስም በጎልፍ ጫማ ታወቀ። በ1858 ደግሞ በዚያው ግዛት ላይማን ብሌክ ሶልን ከላይኛው ቆዳ ጋር የሚሰፋ መኪና የባለቤትነት መብት አገኘበት። ጫማ ከእጅ ሥራነት ወደ ፋብሪካ የተሸጋገረው በዚህ መንገድ ነው።

አራተኛው የሳይንስ ሥራ ነው። በ1858 በዙሪክ የአካል አወቃቀር ሊቅ የነበረው ሄርማን ፎን ማየር ስለ ትክክለኛው የጫማ ቅርጽ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ማየር ያስተማረው ነገር በአንድ መሥመር የሚጠቃለል ነው። ጤናማ በሆነ እግር ከአውራ ጣት መካከል ወደ ኋላ የሚሰመር ቀጥታ መሥመር በተረከዙ መካከል ያልፋል። በዘመኑ ጫማዎች ግን የጫማው ጫፍ በእግሩ መካከል ስለሚሾል አውራ ጣት ወደ ሌሎቹ ጣቶች እንዲጣመም ይገደዳል። የዘመኑን የእግር ሕመሞች አብዛኞቹን ማየር ከዚህ መጣመም ጋር ያያይዛቸዋል።

እንግዲህ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨዋታው፣ ፋብሪካውና ዕውቀቱ በአንድ ዘመን ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ የጎልፍ መመሪያው ስለ አውራ ጣት አላወቀም፤ ፋብሪካውም የዙሪኩን ሊቅ አልጠየቀም።

፫. ዕውቀቱ ለምን አልተሰማም?

ማየር የመጀመሪያው አልነበረም። ከእርሱ በፊት በ1781 የኔዘርላንዱ ሐኪምና የአካል አወቃቀር ሊቅ ፔትሩስ ካምፐር ስለ ምርጥ የጫማ ቅርጽ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ የተወለደው ሊቅ ሊጽፍበት የማይገባ ተራ ርእስ አለ ወይስ የለም በሚል ከተማሪዎቹ ጋር ካደረገው ጨዋታ ነው ይባላል። ከጨዋታው ግን ቁም ነገር ወጣ። ካምፐር የሰው ልጅ ለፈረስና ለበቅሎ ኮቴ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለገዛ እግሩ ነፍጓል ሲል ወቀሰ።

ወቀሳው መሠረት ነበረው። ከ1600 አካባቢ ጀምሮ ከፍ ያለ ተረከዝ በአውሮፓ ፋሽን ሲሆን ጫማ ሰፊዎች ግራና ቀኝ የሌለው ጫማ ወደ መሥራት አዘነበሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጫማ የሚሠራው የእግር ቅርጽ ባለው እንጨት ላይ ነው፤ የእኛ ጫማ ሰፊዎች ፎርማ ይሉታል። ለእያንዳንዱ ልክ የግራና የቀኝ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ተረከዝ ያለው ፎርማ ማስቀረጽ ወጪው ብዙ ነበር። ስለዚህ አንዱ ቅርጽ ለሁለቱም እግሮች እንዲሆን ተደረገ፤ ጫማውን በሥቃይ እየለመደ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚለየው እግሩ ራሱ ሆነ። የግራና የቀኝ ጫማ ተመልሶ በሰፊው የተለመደው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ፋብሪካው ይህን ችግር በከፊል ፈታ፤ በከፊልም አዲስ ችግር ፈጠረ። በ1883 በማሳቹሴትስ ሊን ከተማ የሚሠራው፣ ትውልዱ ከሱሪናም የሆነው ጃን ማትዜሊገር የላይኛውን ቆዳ በፎርማው ላይ ወጥሮ የሚያያይዝ መኪና ፈለሰፈ። በእጅ ሲሠራ አንድ ብርቱ ባለሙያ በቀን 50 ጥንድ ያህል ይጨርስ ነበር፤ መኪናው ይህን ብዙ እጥፍ አሳደገው። ጫማ ረከሰ፤ ድሃውም መጫማት ቻለ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን ጫማው ከእንግዲህ የሚሠራው የማን እግር እንደሚገባበት ሳይታወቅ ነው። በሰፊውና በተጫሚው መካከል የነበረው ንግግር፣ «እዚህ ጋ ይጠብቃል፣ እዚያ ጋ ይላጣል» የሚለው፣ ቀረ። በቦታው የተተካው ቁጥር ነው።

ቁጥሩም ብዙ አይናገርም። የእንግሊዝ የጫማ ቁጥር ከአንድ የገብስ ፍሬ ርዝመት የመጣ ነው፤ አንዱ ቁጥር ከሌላው የሚለየው በአንድ ኢንች ሲሶ፣ በ8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ ተለምዶ ወደ እኛም የገባው የፓሪስ ልክ ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር፣ በ6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለያያል። ሁለቱም የሚለኩት ርዝመትን ነው። ቁጥራቸው 42 የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ቀጭን እግር ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ረጅም ጣቶች፣ ሌላው አጭር ጣቶችና ረጅም ተረከዝ ቢኖረው ጫማው የሚታጠፍበት ቦታና እግራቸው የሚታጠፍበት ቦታ አይገናኝም። ለስምንት ኪሎ ሜትር ጉዞ ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

፬. ሠራዊቱ ያዳመጠው

የእግርን ሕመም እንደ መንግሥት ጉዳይ መጀመሪያ በጥብቅ ካዩት መካከል አንዱ የአሜሪካ ጦር ነው። ያነሣሣው ርኅራኄ ብቻ አልነበረም፤ እግሩ የቆሰለ ወታደር ስለማይዘምት ነው። ሐኪሙ መኮንን ኤድዋርድ ማንሰን በተካፈለበት ቦርድ ወደ 2,000 የሚሆኑ ወታደሮች እግር ተመረመረ፤ ውጤቱም ስለ ወታደር እግርና ስለ ጦር ጫማ በ1912 በታተመው መጽሐፉ ቀረበ። በስሙ የተጠራው ፎርማ በውስጥ በኩል ቀጥ ያለ፣ በጣቶቹ ዘንድ ሰፋ ያለ ነበር። የዙሪኩ መሥመር ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ በጦር ሰፈር ተገኘ ማለት ይቻላል።

ከማንሰን ሥራ ትልቁ ቁም ነገር የአለካኩ ዘዴ ነው። ወታደሩ የሚለካው ተቀምጦ አይደለም። ቆሞ፣ 40 ፓውንድ ወይም 18 ኪሎ ግራም ያህል ሸክም በጀርባው ተሸክሞ፣ ክብደቱን በሚለካው እግር ላይ አድርጎ ነው። እግር ሸክም ሲያርፍበት ይረዝማል፤ ይሰፋልም። ተቀምጦ የሚለካ ሰው የማይሄድበትን እግር ይለካል። የጎልፍ ዱላዎቹን ከረጢት ተሸክሞ ሜዳ የሚዞር ሰው ከዚህ ወታደር ብዙ አይለይም።

፭. ሁለት መሣሪያዎች

ከጦሩ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሱቅ ተሻገረ። በ1920ዎቹ ሁለት መሣሪያዎች ወጡ፤ የሁለቱ ዕጣ ለእኛ ትምህርት ነው።

አንደኛው በኒው ዮርክ ግዛት በሲራክዩስ ከተማ የጫማ ነጋዴ ልጅ የነበረው ቻርለስ ብራኖክ የሠራው የብረት መለኪያ ነው። ብራኖክ የመጀመሪያውን ናሙና የሠራው ልጆች በሚገጣጥሙት የብረት መጫወቻ ነበር። መሣሪያው ሦስት ነገር ይለካል፤ ርዝመትን፣ ስፋትን፣ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር ያለውን ርቀት። ሦስተኛው ልክ ጫማው የሚታጠፍበትን ቦታ የሚወስነው ነው።

ሁለተኛው የኤክስሬይ ሣጥን ነው። ገዢው ጫማውን እንዳደረገ እግሩን ወደ ሣጥኑ ያስገባል፤ በላይ ባለው መስታወት አጥንቶቹ በጫማው ውስጥ ይታዩታል። ሕፃናት ይደሰቱበት ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብቻ 10,000 ያህል ሣጥኖች በየሱቁ ነበሩ። ጨረሩ ግን ለገዢውም፣ ይልቁንም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ለሚቆመው ሻጭ አደገኛ ነበር። በ1957 ፔንስልቬንያ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና አገደችው።

ብራኖክ የሠራው መለኪያ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው፤ ሣጥኑ ቤተ መዘክር ገብቷል። ሣጥኑ አጥንትን አሳየ፤ ቆዳ፣ ጅማትና ሥጋ የሚሰማቸውን ግን አላሳየም። ገዢው «ይጠበኛል» ሲል ሻጩ ወደ መስታወቱ እያመለከተ «ልክዎ ነው» ማለት ቻለ። የሳይንስ መልክ የያዘ ነገር የሰውን ምስክርነት ዝም ያሰኘበት አንድ አጋጣሚ ይህ ነው።

፮. ለሣሩ ታዝኖ እግሩ ዐረፈ

አሁን ወደ ጎልፍ ሜዳው እንመለስ። ቤን ሆጋን በየካቲት 1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ። በ1950 በሜሪየን ሜዳ በተደረገው የአሜሪካ ኦፕን እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ ተጫወተ፤ በማግሥቱም 18 ጨምሮ አሸነፈ። ሆጋን በቀኝ ጫማው ሶል ላይ ከተለመደው ቁጥር አንድ ችንካር አስጨምሮ እንደሚጫወት ይታወቃል። ትልቁ ተጫዋች እንኳ ለጫማው ያቀረበው ጥያቄ ስለ መያዝ ነበር።

የብረቱ ችንካር ዘመን ማብቂያ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአይዳሆ ግዛት በቦይዚ ከተማ ለክረምት ጨዋታ የሚሆን የፕላስቲክ ጥርስ ተፈለሰፈ። ዓላማው በብርዱ ወራት ብረቱ በሣሩ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መከላከል ነበር። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው በአጭሩ የታጨደ ሣር በችንካር ሲቦጫጨቅ ኳሱ መንገዱን ይስታል፤ የጥገናውም ወጪ ከባድ ነው። ስለዚህ ሜዳዎች አንድ በአንድ ብረቱን ከለከሉ፤ በዐሥር ዓመት ውስጥም አብዛኞቹ የአሜሪካ ሜዳዎች ወደ ፕላስቲክ ዞሩ። ተጫዋቾችም ጫማው ቀልሎና ለስልሶ አገኙት። ከመቶ ዓመት በላይ የእግር ሕመም ያላስለወጠውን ሶል የሣር ሕመም በዐሥር ዓመት አስለወጠው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተከፈተ። በ2010 በኦጋስታ በተደረገው የማስተርስ ውድድር የ50 ዓመቱ ፍሬድ ካፕልስ ያለ ካልሲ፣ ችንካር የሌለው ጫማ አድርጎ ታየ፤ የመጀመሪያውን ቀንም በ66 ምት መራ። ለመራመድ የሚመች ጫማ ለመጫወትም እንደሚበቃ ዓለም አየ። በ2022 ደግሞ በመኪና አደጋ ቀኝ እግሩ ክፉኛ የተጎዳው ታይገር ውድስ በዚያው ውድድር ለብዙ ዓመታት ከደገፈው ድርጅት ጫማ ይልቅ የተወዳዳሪውን አድርጎ ወጣ፤ ለተጎዳ እግሩ የተለየ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት ከዚሁ ውድድር ያቋረጠው ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር በተዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት መቆጣት ነበር። ጥሩ ጫማ ብዙ ሕመም ያስቀራል፤ ሁሉን ሕመም ግን አይፈውስም። ለቀናት የማይለቅ የተረከዝ ሕመም የሐኪም ጉዳይ ነው።

፯. መደምደሚያ

ታሪክ ምክር ሲሰጥ አልፎ አልፎ ነው፤ ይህኛው ግን ይሰጣል። ከካምፐርና ከማየር፦ የጫማው ቅርጽ አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ ይተው። ከማንሰን፦ እግራችሁን ቆማችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ድካም ሲያገኘው፣ በምትጫወቱበት ካልሲ ተለኩ። ከብራኖክ፦ ሁለቱንም እግሮች ለኩ፤ ከተለያዩ ትልቁን ተከተሉ፤ ስለ ስፋትም ጠይቁ። ከሜዳው፦ ጫማውን አድርጋችሁ ተራመዱ፤ ቁልቁለት ላይ ቁሙ፤ እንደምትመቱ ሆናችሁ ዙሩ። ተረከዛችሁ ከተነሣ ልል ነው፤ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ አጭር ነው። ሻጩ «ሲያደርጉት ይለቃል» ቢላችሁ፣ እግራችሁ ለሁለት መቶ ዓመት ግራና ቀኝ የሌለውን ጫማ «ሲያለቅቅ» እንደ ኖረ አስታውሱ።

ፕሉታርክ ስለ አንድ ሮማዊ የተረከው ታሪክ አለ። ሰውየው ሚስቱን ሲፈታ ወዳጆቹ ምን ጉድለት አገኘህባት ብለው ወቀሱት። እርሱም ጫማውን ዘርግቶ፣ አዲስና ያማረ መሆኑን አሳይቶ፣ እኔን የት ላይ እንደሚቆነጥጠኝ ግን ከእናንተ የሚያውቅ የለም ሲል መለሰ። ለታሪክ ተማሪ ይህ ትልቅ የማስረጃ ጥያቄ ነው። ፋብሪካው ሰነድ ትቷል፤ ፈልሳፊው የባለቤትነት ማረጋገጫ ትቷል፤ ሻምፒዮኑ ፎቶግራፍ ትቷል። የቆነጠጠው እግር ግን መዝገብ ቤት የለውም። ያ ሕመም በሰነድ የሚገኘው ሠራዊት ሲያነክስ ወይም ሣር ሲበላሽ ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ የምናገኘው ሰነዱ ዝም ባለበት ቦታ ቆመን ማን እንደታመመ ስንጠይቅ ነው። በሮም ጫማውን አውልቆ የሮጠው ሰው ያስተማረን አንድ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ የልክ የመጨረሻው ምስክር እግሩ ነው።